«የጨው ገንዳ ነው፤ ክሎሪን የለውም» ሲሏችሁ አትመኑ

 

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ልጆችም ቤት ዋሉ። ዝናቡና ብርዱ ውጭ ስለማያስወጣ ብዙ ወላጆች ጣሪያ ያለው፣ ውሃው የሚሞቅ ገንዳ ፈልገው ልጆቻቸውን ዋና ያስመዘግባሉ። በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄም ይሄው ነው፦ «ዶክተር፣ ገንዳችን የጨው ስለሆነ ክሎሪን የለውም፤ ለልጅሽ ቆዳም ለአስሟም ይስማማታል አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ የራሱን ገንዳ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል። ሁለቱም ለልጃችሁ ሳንባ አይበጁም። ምክንያቱን ላስረዳችሁ፤ ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን የወር ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

👉 ጨው ይገባል፣ ክሎሪን ይወጣል

የጨው ገንዳ የሚሠራው እንዲህ ነው። ውሃው ውስጥ ጨው ይሟሟል። ከዚያ ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት መሣሪያ ውስጥ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ጨውን ይለውጠውና ክሎሪን ያወጣል። ይህ ክሎሪን ውሃው ውስጥ ሲሟሟ የሚሰጠን በረኪና ውስጥ ያለውን፣ «ውሃ አጋር» ብለን የመጠጥ ውሃ ላይ የምንጨምረውን፣ ያንኑ ጀርም ገዳይ ነው። ባጭሩ ሌላው ገንዳ ክሎሪኑን ገዝቶ ይጨምራል፣ የጨው ገንዳ ግን እዚያው ያመርታል። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ጨው ራሱ ጀርም አይገድልም ወይ? በዚህ መጠን አይገድልም። የጨው ገንዳ በአንድ ሊትር ውሃ 3 ግራም ገደማ ጨው ነው የሚኖረው። የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ አለው። በሆስፒታል በደም ስር የምንሰጠው የጨው ውሃ እንኳን በሊትር 9 ግራም ነው። 3 ግራም ጨው ጀርም የሚገድል ቢሆን ኖሮ ጨው የገባበት ወጥ አድሮ ባልተበላሸ ነበር።

ስለዚህ «ክሎሪን የሌለው የጨው ገንዳ» ማለት ማሽኑ የተበላሸ ገንዳ ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነማ ልጃችሁን ጭራሽ አታስገቡ!

ለእውነት ያህል ግን የጨው ገንዳ የራሱ ጥሩ ጎን አለው። ክሎሪኑ በአንድ ጊዜ በባልዲ ከሚደፋ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚመረት መጠኑ ብዙ አይዋዥቅም። ሠራተኞችም ብዙ በርሜል ክሎሪን ማከማቸትና መሸከም አይጠበቅባቸውም። ውሃው ለቆዳ ለስለስ ይላል የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ ይህን አልቃወምም። የምቃወመው «ኬሚካል የለውም» የሚለውን ነው። ኬሚካል የለውም ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ኬሚካሉን አይለካም። የማይለካ ገንዳ ደግሞ የጨውም ይሁን የሌላ አደገኛ ነው።

👉 «በደንብ ሸተተኝ፤ ንጹሕ ነው ማለት ነው»

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የገንዳ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነው። በር ስትከፍቱ አፍንጫን የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ሲቀበላችሁ «ክሎሪን በደንብ አድርገውበታል» ብላችሁ ደስ ይላችኋል። በተቃራኒው ነው። በሚገባ የተያዘ ገንዳ ሽታው ብዙም አይሰማም።

ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ክሎራሚን ይባላል። ክሎሪን ከሽንት፣ ከላብ፣ ከቆዳ እድፍና ከቅባት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ማለትም የሚሸታችሁ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን አይደለም፤ ቆሻሻ ሲያጠራ ያለቀው ክሎሪን ነው። ልጆች ከዋና ሲወጡ ዓይናቸው ደም የሚለብሰውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ እናቶች ዓይን ቀላ ብለው ከፋርማሲ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ይገዛሉ። ከገንዳ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ለቀቅ የሚል፣ ዓይናር የሌለው መቅላት አንቲባዮቲክ አይፈልግም። የሚፈልገው ንጹሕ ውሃና የዋና መነጽር ነው፤ ገንዳው ደግሞ የሚለካው ሰው ይፈልጋል።

ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። በገንዳ ውሃ ምርመራ ሁለት ዓይነት ክሎሪን ይለካል። አንዱ «ነጻ ክሎሪን» ነው፤ ሥራ የሚሠራው ይሄ ነው። ሌላው «ጠቅላላ ክሎሪን» ነው። ከጠቅላላው ላይ ነጻውን ስትቀንሱ የሚቀረው ከቆሻሻ ጋር የተጣመረው፣ ማለትም ክሎራሚኑ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው በሊትር 2.6 ሚሊግራም፣ ነጻው 1.2 ከሆነ 1.4ቱ ክሎራሚን ነው። ይህ መጠን ከ0.4 ማለፍ የለበትም። ጠቅላላውን ብቻ ለክቶ «2.6 ነው፣ በቂ ነው» የሚል ሠራተኛ ከግማሽ የሚበልጠው ችግር መሆኑን አላየም።

👉 ጣሪያው ነገሩን ያከብደዋል

ገንዳው ሜዳ ላይ ቢሆን ነፋሱ ክሎራሚኑን ይወስደው ነበር። ቤት ውስጥ ግን የት ይሄዳል? ከክሎራሚኖች ውስጥ ትራይክሎራሚን የሚባለው ከውሃው በቀላሉ ይተንና ልክ ከውሃው በላይ ባለው አየር ውስጥ ይቆያል። እዚያ ቦታ የማን አፍንጫ ነው ያለው? የልጃችሁ። ዋና የሚማር ልጅ ደግሞ በኃይል፣ በአፉ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው።

እዚህ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን። ክረምት ላይ ብርድ ነው፤ ውሃ ማሞቅ ደግሞ ወጪ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቱ ይዘጋል፣ የአየር ማስወጫው ይጠፋል። ባለቤቱ ከኤሌክትሪክ ወጪው ላይ ይቆጥባል፣ የቆጠበውን ልጆቻችሁ በሳል ይከፍሉለታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ገንዳዎች አየር ላይ ትራይክሎራሚን በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ጊዜያዊ መመሪያ አስቀምጧል። ዋና አሠልጣኞችንና የገንዳ ጠባቂዎችን አስቡ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የሚውሉት። በገንዳ ሠራተኞች ላይ ከዚህ ጋዝ ጋር የተያያዘ አስም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ስለዚህ አሠልጣኙ ሁልጊዜ የሚያስለው ከሆነ «ጉንፋን አለበት» ብላችሁ አትለፉት፤ መረጃ ነው።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጃችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ብቻ የሚያስለው፣ ቅዳሜና እሑድ ደኅና የሚሆን ከሆነ የሳሉን ቀን ከዋናው ቀን ጋር አስተያዩት። ወደ ሐኪም ስትመጡም «ዋና ይዋኛል» ብላችሁ ንገሩን። እኛ ሐኪሞች ካልተነገረን አንጠይቅም፤ ልጁም ለማይመለከተው አንቲባዮቲክ ይዳረጋል።

👉 ማንም የማያየው ቁጥር፦ ፒኤች

ፒኤች የውሃውን አሲድነት የሚለካ ቁጥር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው ከ7.0 እስከ 7.8 ነው። ለምን ያስፈልጋል? ክሎሪን ጀርም የመግደል አቅሙ በፒኤች ስለሚወሰን ነው። ፒኤች 7.5 ላይ ከነጻው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ብርቱ ገዳይ ሆኖ ይገኛል። 8 ሲሆን ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። 8.5 ላይ ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነው። ይህ ማለት መለኪያው «ክሎሪን አለ» ይላል፣ ክሎሪኑ ግን ተኝቷል።

የጨው ገንዳ ደግሞ ፒኤቹ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ አለው። ክሎሪን ሲመረት የሚፈጠሩት አረፋዎች ውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዘው ስለሚወጡ ነው። ስለዚህ በየጊዜው እየለኩ በአሲድ ማስተካከል የግድ ነው። «የጨው ገንዳ ብዙ ክትትል አይፈልግም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አሲድ ካልኩ አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ አሲድና በረኪና ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና በረኪና ቀላቅላችሁ ለምታጸዱ እናቶችም ይሄ ይመለከታችኋል። ገንዳ ቤት ውስጥ ድንገት የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ልብስና ቦርሳ ሳትፈልጉ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል «አሁን ለቀቀው» ብላችሁ አትዘናጉ።

👉 መብራት ሲጠፋስ?

ይሄን ማንም በማስታወቂያ ላይ አይጽፈውም። የጨው ገንዳ ክሎሪን የሚያመርተው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ከጠፋ ምርቱ ይቆማል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ማጣሪያውም ይቆማል። ጄኔሬተሩ መብራቱንና ሙዚቃውን አስነስቶ ፓምፑን ካላስነሳ ልጆቹ ቀደም ሲል የቀረው ክሎሪን እያለቀ ባለበት የማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ናቸው። አየር ማስወጫውም ቆሟል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑንም የሚያስነሳ ጄኔሬተር ይኑር፤ ከሌለ ዋናው ይቁም። መጠባበቂያ ክሎሪን ይቀመጥ፣ መብራት ሲመለስ ተለክቶ፣ ከጎደለ ተሞልቶ ልጆቹ ይግቡ። ይህን የማያደርግ ቤት «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ» የሚለውን ከማስታወቂያው ላይ ያውጣ።

👉 እኛስ? የወላጆች ድርሻ

ባለቤቶችን ብቻ ወቅሼ ብተው ልክ አይሆንም። ክሎራሚን የሚሠራው ክሎሪን ብቻውን አይደለም፤ ጥሬ ዕቃውን የምናቀርበው እኛ ነን።

▪ ልጁን ከመግባቱ በፊት ሽንት ቤት ውሰዱት። «ገንዳ ውስጥ ሽናው፣ ማን ያይሃል» የምትሉ ታላላቆች አላችሁ፤ ይቅር። የሸናው ተመልሶ ዓይኑና ሳንባው ውስጥ ይገባል።

▪ ሳትታጠቡ አትግቡ። 1 ደቂቃ ሻወር ስር መቆም ብዙውን ላብና እድፍ ያስወግዳል። ፀጉር ላይ ቅቤ ወይም ቅባት ያለባት ልጅ በሳሙና ትታጠብና ኮፍያ ታድርግ።

▪ ተቅማጥ ያለበትን ልጅ አታስገቡ፤ «ከፍያለሁ» ብላችሁ እንኳን። ብዙ ጀርሞች በሚገባ በተያዘ ክሎሪን በደቂቃ ውስጥ ይሞታሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ተውሳክ ግን በተለመደው የገንዳ ክሎሪን ውስጥ ከ7 ቀን በላይ መቆየት ይችላል። ልጁ ይህ ተውሳክ ከተገኘበት ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ሌላ 2 ሳምንት ይጠብቅ። የዋና ዳይፐር ተቅማጥ አያግድም፤ አትታለሉ።

▪ ውሃውን እንዳይውጡ አስተምሯቸው። «የጨው ውሃ ለጉሮሮ ጥሩ ነው» ብላችሁ የምታጉመጠምጡበት ውሃ ይሄ አይደለም።

👉 «ታዲያ ዋና ይቅር ልትይን ነው?»

በፍጹም! ዋና መቻል ሕይወት ያድናል። በሐይቅና በወንዝ ሰምጠው የሚሞቱ ልጆች ባሉበት አገር ልጅን ዋና ማስተማር ቅንጦት አይደለም። አስም ላለባቸው ልጆችም ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ የሚሠራ ስፖርት በመሆኑ ዋና ብዙ ጊዜ ከሩጫ ይሻላቸዋል። እኔ የምከራከረው ለዋና ነው፤ አየሩ ንጹሕ፣ ውሃው የተለካ እንዲሆን ነው።

አንዳንድ ባለቤቶች ደግሞ «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ አገር መስፈርት ነው፤ እዚህ ወጪው አይቻልም» ይሉኛል። የልጅ ሳንባ የፈረንጅና የሐበሻ የለውም። ደግሞስ የምጠይቀው ምንድነው? የውሃ መመርመሪያ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የሚከፈት መስኮትና የሚሠራ አየር ማስወጫ። ለሕንፃውና ለእብነ በረዱ ያን ያህል ያወጣ ሰው ይሄ አቃተኝ ቢል አልሰማውም። ክሎራሚን ከበዛም መላው ይታወቃል፦ ከገንዳው የተወሰነ ውሃ አስወጥቶ በንጹሕ መተካት፣ ሰው በሌለበትና በሩ ተከፍቶ ክሎሪኑን ለጊዜው ከፍ አድርጎ ማቃጠል፣ አየሩን መለወጥ።

👉 ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

1. ዛሬ ውሃው ስንት ጊዜ ተለካ? ቢያንስ በቀን 2 ጊዜ፣ ሰው ሲበዛ ከዚያም በላይ መለካት አለበት።

2. ነጻ ክሎሪኑ ስንት ነው? ቢያንስ በሊትር 1 ሚሊግራም። የሞቀ ውሃ መዘፍዘፊያ (ጃኩዚ) ከሆነ ቢያንስ 3።

3. ጠቅላላ ክሎሪኑስ? ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ከ0.4 በላይ ከሆነ አየሩን ተጠራጠሩ።

4. ፒኤቹ ከ7.0 እስከ 7.8 ውስጥ ነው?

5. ሳያኑሪክ አሲድ ይጨምራሉ? ይህ ክሎሪንን ከፀሐይ የሚከላከል ነው። ጣሪያ ስር ፀሐይ የለም፤ የክሎሪኑን ጉልበት ከማድከም በቀር ቤት ውስጥ ጥቅም የለውም።

6. መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

ሠራተኛው ደብተሩን አውጥቶ ቢያሳያችሁ አመስግኑት፣ ልጃችሁንም በደስታ አስመዝግቡ። «አታስቢ እህቴ፣ የጨው ነው እኮ» ካላችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። በሩን ስትከፍቱ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ደግሞ ጥያቄም አያስፈልግም፤ አፍንጫችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

👉 ሐኪም ጋ የምትሄዱት መቼ ነው?

▪ ከዋና በኋላ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ሳሉ ዋና በሄደ ቁጥር ከተደጋገመ
▪ ዓይኑ በማግስቱም እንደቀላ ከሆነ፣ ብርሃን ካስፈራው ወይም ዓይናር ካለው
▪ ጆሮው ሲነካ ካመመው ወይም ፈሳሽ ካለው፤ በጥጥ እንጨት አትጎርጉሩት
▪ ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ከጥቂት ቀናት በላይ ከቆየ

አስም ያለበት ልጅ የሚነፋ መድኃኒቱ ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ገንዳው ዳር ይሁን። አሠልጣኙም አጠቃቀሙን ይወቅ።

በመጨረሻ ገንዳ ላላችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዋጋ ዝርዝር በር ላይ ትለጥፋላችሁ፤ የዛሬውን ነጻ ክሎሪን፣ ጠቅላላ ክሎሪንና ፒኤችም ከሰዓቱ ጋር ከጎኑ ለጥፉ። ሦስት ቁጥር ነው። ገንዳችሁ ደኅና ከሆነ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የላችሁም። የማትለጥፉ ከሆነ ግን ወላጆች ለምን ብለው ቢጠይቁ አትቀየሙ።

ወላጆች ደግሞ አንዳችሁ ስትጠይቁ «ነገረኛ እናት» ትባላላችሁ፤ አስራችሁ ስትጠይቁ ደብተር ይገዛል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ልጆቻችሁ በሚዋኙበት ቡድን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጋሩት፣ ነገ ስትሄዱም ሦስቱን ቁጥር ጠይቁ። የተሰጣችሁን መልስ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የቤቱን ስም ግን አትጥቀሱ። አንብቤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እመልስላችኋለሁ።